የጸሐፊው ዕድሜ

ጥቅምት ፫ ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? የተማሪው ጫጫታስ አላደከመዎም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ፣ ማታ ማታ የመምህርነት ትምህርቴን እከታተላለሁ። ስልክ ብትደውይ ምን ነበር እንዳይሉኝ፤ «ስልክ ለመርዶ ነው፣ ለቁም ነገር ደብዳቤ» የሚሉት ራስዎ ነዎት።

ዛሬ የምጽፍልዎ እርዳታ ፈልጌ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን አንድ ተውኔት አስነበበንና «ገጸ ባሕርያቱንና ግጭቱን ተንትናችሁ አምጡ» አለን። ታሪኩ የሆነው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ ፒዩሪታን የሚባሉ አጥባቂ አማኞች በሚኖሩባት አንዲት መንደር ነው። ሳቅ ኃጢአት፣ ጭፈራ ኃጢአት፣ ሐሜት ብቻ እንደ ጽድቅ የሚቆጠርበት መንደር ነው። ልጃገረዶች በየተራ እየወደቁ ይንፈራገጣሉ። «ማን አደረገባችሁ?» ሲባሉ የመንደሩን አዋላጅ ይጠቁማሉ፤ ጠንቋይ ናት ይላሉ። ግማሾቹን እኮ በገዛ እጇ ያዋለደቻቸው እሷ ናት! ዳኛ ይሰየማል። የችሎቱ ጸሐፊ ደግሞ ልጆቹ ጎተራ ውስጥ ተደብቀው መውደቅ ሲለማመዱ በዓይኑ አይቷል። አይቶም ዝም ብሎ የታዘዘውን ይጽፋል። በመጨረሻ አዋላጇን ይሰቅሏታል።

እኔ አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። አብረውኝ የሚማሩት ግን «የዚያ ዘመን ሰው ስላልተማረ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። አልተዋጠልኝም። ጋሼ፣ ግጭቱ በማንና በማን መካከል ነው? በዳኛውና በአዋላጇ ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል? የተውኔቱን ቅጂ አብሬ ልኬያለሁ፤ ሲያነቡት እንደሚናደዱ አውቃለሁ፣ ብቻዬን ከምናደድ አብረን እንናደድ ብዬ ነው።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት ፳፰ ቀን

ለእመት ለምን፣

ሰው አገር ያለን ልጅ ከብርድ፣ ከክፉ አለቃና ከሰነፍ አስተማሪ የሚጠብቅ ፈጣሪ ይጠብቅሽ። በአምስት ዓመትሽ «ለምን?» እያልሽ አናቴን ስታዞሪው የሰጠሁሽ ስም ይኸው እስከ ዛሬ ልክሽ ነው።

ተውኔቱን በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ዳኛውና አዋላጇ አይጋጩም፣ ልጄ። እሱ ከመጀመሪያው አምኗል፣ እሷም ከመጀመሪያው ክዳለች፤ ሁለቱም ንቅንቅ አይሉም። ይህ ሙግት ነው፣ ግጭት አይባልም። ግጭቱ ያለው ጥግ ላይ ቀለም ከሚያጠቅሰው ከጸሐፊው ሆድ ውስጥ ነው። ለተማሪዎቼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነገርኳቸውን ላንቺም ልድገመው። አንድ ገጸ ባሕርይ ወደ መድረክ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ምን ያውቃል? ምን ይፈራል? ለፍርሃቱ የሚቀጣለት ማን ነው? ይህን ከመለስሽ ትንተናው ራሱ ይጻፋል።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ስሚ። ተውኔቱን በሁለት ሳምንት ተርጉሜ ለትያትር ክበባችን ልጆች አድዬዋለሁ! ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እናሳየዋለን። ችግሩ ሴቶቹ መውደቅ አያውቁበትም። አንዷ እንደ ጆንያ ዘጭ ብላ ክርኗን ላጠችው። ከስፖርት ክፍል ፍራሽ አስመጣሁና አወዳደቅ አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ዳሌ፣ ከዚያ ትከሻ፤ ጭንቅላት በፍጹም! «ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ» እያልን ሳምንቱን ስንወድቅ ከረምን። በተለይ የክፍል አለቃዋ ዓይኗን ገልብጣ፣ ግራ እጇን ደረቷ ላይ ጥላ ስትወድቅ ያስተማርኳት እኔ ራሴ እደነግጣለሁ።

የቤተ ሙከራችን ሠራተኛ እትዬ ብልቃጥ በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና «አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹን መቆም ሳታስተምር መውደቅ ታስተምራለህ?» አለችኝ። ስላንቺ ሳትጠይቀኝ ውላ አታውቅም። «ያቺ አንባቢዋ» ነው የምትልሽ።

አደራሽን፣ የዚያ ዘመን ሴቶች ልብስ ምን እንደሚመስል ሥዕል ፈልገሽ ላኪልኝ። ነጭ አንገትጌ ያለው ጥቁር ቀሚስ ነው አሉ።

አጎትሽ


ኅዳር ፲፱ ቀን

ለውድ ጋሼ፣

ጤናው፣ ደስታው፣ የትያትሩም ጭብጨባ አይጉደልብዎ። የልብሱን ሥዕል ልኬያለሁ። አንገትጌው በስታርች ካልደረቀ አይቆምም፤ ይህን እኔ በሥራዬ ስለማውቀው ነው የምነግርዎ።

እንዳሉኝ ጸሐፊው ላይ አተኮርኩ። ባላተኩር ይሻለኝ ነበር! ከዳኛው ይልቅ እሱን ጠላሁት። ዳኛው ጨካኝ ነው፣ ግን ያመነበትን ነው የሚሠራው። ልጆቹ ልጆች ናቸው። ይህ ሰውዬ ግን እያወቀ! ዕድሜው ሃያ ስድስት ብቻ ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ብዕሩን ታቅፎ የሚያድር ጎረምሳ። ምን አጣለሁ ብሎ ይፈራል? አዋላጇ ስትወሰድ ዞር ብላ ታየዋለች፤ እሱ ብዕሩ እንዳልጻፈለት ሁሉ ጫፉን ይመረምራል። እዚያ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ወረወርኩት። መምህራችን በትንተናዬ ኅዳግ ላይ «ለዚህ ገጸ ባሕርይ ትንሽም አልራራሽም» ብሎ ጻፈብኝ። አልራራም! ልራራስ ብል በምኑ?

እትዬ ብልቃጥን በጣም ሳሙልኝ። ያኔ እቤታችን በሁለት ክፍል ሰባት ሰው ስንታጨቅ፣ ቤተ ሙከራውን ከፍታ «ነይ ግቢ፣ ምንም እንዳትነኪ» ባትለኝ ኖሮ ፈተናውን አላልፍም ነበር። እኔ ሳጠና እሷ ብልቃጥ እያጠበች በለሆሳስ ትቆጥራለች። አንድም ሳይሰበር ቆጥራ ካልጨረሰች በሩን አትቆልፍም። ሰው ሲያወራ አላጠናም፣ የእሷ ቆጠራ ግን ያረጋጋኝ ነበር። አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ክፍሏ ነው የምትኖረው?

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ


ጥር ፪ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ዕድሜና ጤና፣ ሰላምና እርጋታ፣ የሥራ በረከት፣ የትምህርት ውጤት፣ መልካም የሆነውን ሁሉ ይስጥሽ። በመዘግየቴ አትቀየሚኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሥዕሉ ደርሶኛል፣ ግን አያስፈልግም። ተውኔቱ ቀርቷል። ጥቂት ሴት ተማሪዎች ታመውብን ነበር። ክፍል ውስጥ ይወድቃሉ። መጀመሪያ አንዷ፣ በማግስቱ ሦስት፣ በሳምንቱ ዘጠኝ ሆኑ። ሐኪም መጥቶ ምንም አላገኘባቸውም። ወላጅ ግቢውን ሞላው። ዳይሬክተሩ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመ፣ እኔም አባል ነኝ። ተገቢው እርምጃ ተወስዷል፤ አሁን ሁሉም ጸጥ ብሏል።

ስለ ጸሐፊው የጻፍሽውን አነበብኩ። ልጅነት ነው፣ ፍርድሽ ይፈጥናል። እስቲ ራስሽን በእሱ ቦታ አድርጊው። ሠላሳ ዓመት አገልግሏል። ለጡረታ የቀረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዚህ ወጥቶ ሌላ ሥራ የሚቀጥረው የለም። ስድስት ሰው የፈረመበትን ወረቀት ሰባተኛው አልፈርምም ቢል ምን ይለወጣል? የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፣ እሱ ብዕር ያዥ ነው። ይህንንም በትንተናሽ ውስጥ አስገቢው፣ አስተማሪሽ ይወድልሻል።

ሌላ፣ ከቁም ነገር ሳይቆጠር፣ ያን ስለ ልምምዱ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አታስቀምጪው። ቅደጂው። ሰው እጅ ገብቶ ያለ ትርጉሙ እንዳይተረጎም ብዬ ነው።

አጎትሽ


ጥር ፳ ቀን

ለጋሼ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

የተውኔቱ ጸሐፊ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጋሼ። ጡረታ የለውም። ጉልበቱን አያመውም። በዚያ መንደር ኮሚቴ የሚባል ነገር የለም፣ ሰባተኛ ፈራሚም የለም። ታዲያ ልራራለት የሚለምኑኝ ይህ ሽማግሌ ማን ነው?

ወዲያው ደወልኩልዎ፤ አላነሱም። በማግስቱም ደወልኩ። ከዚያ እዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ለሆነችው ጓደኛዬ ደወልኩላትና ሁሉን ዘረገፈችው። ልጆቹ «ማን ነው?» ሲባሉ እትዬ ብልቃጥን ጠቆሙ አሉ። ብልቃጥ ላይ ታጉተመትማለች! በቤተ ሙከራው ሽታ ታፍነናለች! የሚገርመው ደግሞ መውደቁ ከመጀመሩ ከሁለት ቀን በፊት ከእነሱ ሦስቱን በእሳት ሲጫወቱ አግኝታ ከቤተ ሙከራ አስወጥታቸው ነበር። ፀጉራቸው እንዳይቃጠል ያዳነቻቸው ሴት! ኮሚቴያችሁም ጻፈ፤ «ምንነቱ ባልታወቀ ነገር የተማሪዎችን ጤና በማወክ።» ምንነቱ ባልታወቀ ነገር ሰው ይከሰሳል? ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎ ቢጽፈው በቀይ አይሰርዙትም ነበር?

ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ክፍል በአንድ ቀን ልቀቂ አሏት። በቀትር፣ ተማሪው ሁሉ በመስኮት እያያት፣ ሳጥኗን በመሬት እየጎተተች ግቢውን አቋርጣ ወጣች አለችኝ። አንድ ሰው ጫፉን አላነሳላትም! እርስዎ የት ነበሩ ጋሼ? በየትኛው መስኮት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ የሚጮህላት የላት ብላችሁ ነው። እኔ ግን አለሁ።

ለጓደኛዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት። ልጆቹ ሲወድቁ እንዴት ነው የሚወድቁት? «ተአምር እኮ ነው፣ አንዷም ጭንቅላቷን አልተመታችም። በጉልበት ይሉና፣ ከዚያ በዳሌ…» ስትለኝ ስልኩን እንደያዝኩ አንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዳይሉኝ። እርስዎ እስኪጠራ ሲጠብቁ እሷ ሜዳ ላይ ናት። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፣ ተውኔቱን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እርስዎ ግን ይተኛሉ?

ቅደጂው ያሉኝ ደብዳቤ ይኸውልዎ፣ በራስዎ እጅ ጽሑፍ። ለጓደኛዬ ልኬ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስለጠፍ እችል ነበር። ያን ባደርግ ግን እውነቱን የሚያወጣው ማጣበቂያ እንጂ እርስዎ አይሆኑም። የካቲት ፲ የወላጆች ስብሰባ መባረሯን ያጸድቃል ተብሏል። ወይ ተነሥተው ያንብቡት፣ ወይ ይቅደዱት። ቅጂ አላስቀረሁም። ከቀደዱት ግን ሁለተኛ እንዳይጽፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት ፲፬ ቀን

ለእመት ለምን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃት አላበዛም፣ ለመራቂነት የሚበቃ አፍ የለኝም።

ደብዳቤሽ ከስብሰባው ስድስት ቀን ቀድሞ ደረሰ። አምስቱን ቀን በኮቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ብቻዬን ሆኜ የመለስሽልኝን የራሴን ደብዳቤ ልቀደው ጀምሬ ነበር፣ ስንጥቁ ጫፉ ላይ አሁንም ይታያል። የጀመርኩትን ያልጨረስኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የሒሳብ መምህሯ ገባችብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። የክፍል አለቃዋ በኬሚስትሪ ፈተና መሃል ስትወድቅ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ በመስኮት አየኋት። ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ግራ እጅ ደረት ላይ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያኔ ግን በልቤ «ጎበዝ!» አልኳት። አወዳደቋ አማረኝ! በማግስቱ ሦስቱ ሲደግሙት ምን እንደሆነ ገባኝ። ኮሚቴው ፊት «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ» ብል ጣጣው በእኔ ላይ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። የእትዬ ብልቃጥ ስም ሲነሣ ጫማዬን አየሁ። ወረቀቱ ሲዞር ፈረምኩ። ሳጥኗን ስትጎትትም አይቻለሁ። ከላይ፣ ከመምህራን ክፍል መስኮት ነው።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ዳይሬክተሩ ውሳኔውን አንብቦ «እጅ አውጡ» ሊል ሲል ተነሣሁና ደብዳቤዬን አነበብኩ። አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ሳላነበው አልቀርም። ስጨርስ ማን አመነኝ መሰለሽ? ማንም! ዳይሬክተሩ «መምህራችን ደክሟቸዋል» አለ። ከኋላ አንዱ አባት «እሳቸውንም ነክታቸዋለች!» ብሎ ጮኸ፣ አዳራሹም እውነት ነው እያለ አጉረመረመ። የስፖርት መምህሩ ሊያስቀምጠኝ ክንዴን ያዘኝ።

ያኔ ነው በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩት። በእነሱ ብቻ አይደለም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። ውሸቴን በአንድ ፊርማ አምነውኝ፣ እውነቴን በሁለት ገጽ አላመኑኝም! ክንዴን አስለቅቄ ኮቴን አወለቅኩ፣ ወንበሩን ወደ ጎን ገፋሁ። «ልጆቹ እንዲህ ነው የወደቁት» አልኩና ሲሚንቶው ላይ ያለ ፍራሽ ወደቅኩ። ገሚሱ ሳቀ፣ አንዲት ሴት «ኧረ ያዙት!» አለች። ተነሣሁ። ድጋሚ ወደቅኩ፣ በዚህኛው ትከሻዬ ቀደመ። ይሄኔ ከፊት ወንበር፣ እናቷ አጠገብ የተቀመጠችው የክፍል አለቃዋ ብድግ ብላ፣

«ቲቸር፣ ዳሌዎን ረሱት!» አለች።

 ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ ቀስ ብላ ዞረችና «የምን ዳሌ?» አለቻት።

ከዚያ በኋላ እውነቱ ወጣ። እያለቀሰች ነው የተናገረችው። «ፈተናውን አላጠናሁም ነበር። ከወደቅኩ በኋላ ማን ነው፣ ማን ነው አሉኝ። ማንም አይደለም ስል አያምኑኝም። ስም ስጠራ ነው ውሃ የሰጡኝ።» ከቤተ ሙከራው ስታባርራቸው የተቆጣችው እትዬ ብልቃጥ ትዝ አለቻትና ስሟን ጠራች። ሌሎቹም ቢሆኑ ሁሉም ሆን ብለው የዋሹ አይደሉም። ከፊሎቹ በእውነት ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር፣ ፍርሃት ይጋባል። እኔ ግን እንደ እነሱ ልጅ ነበርኩ ልል አልችልም።

ዳይሬክተሩ «ጉዳዩ በውስጥ አሠራር ይታያል» ብሎ ስብሰባውን በተነ። ይቅርታ የሚል ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ብሎ መልእክት ላከባት፤ በማን? በበር ጠባቂው! በወረቀት ያባረራትን በአፍ ሊመልሳት!

እኔ ራሴ ሄድኩ። ወንድሟ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የተጠጋችው። በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆመች፣ ግባ አላለችኝም።

«ምን ልትል መጣህ?»

«ይቅርታ ልልሽ።»

«ለብቻዬ? እዚህ ጓሮ ውስጥ? እኔ ስባረር እኮ ወረቀቱ የግቢው በር ላይ ነው የተለጠፈው! የልጅ ልጅ የሚያህሉኝ ልጆች ቆመው አንብበውታል። ያባረረኝ ወረቀት ሰባት ፊርማ ነበረው። የሚመልሰኝም ሰባት ይኑረው፣ እዚያው በር ላይ ይለጠፍ። ያለዚያ ብልቃጣችሁን ራሳችሁ እጠቡት።»

ወረቀቱን ጻፍኩት። «በእትዬ… ላይ የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው፣ ያልነውም እኛ ነን» ይላል፤ ሙሉ ስሟን ጽፌ። የመጀመሪያው ፊርማ የእኔ ነው። አሁን ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው፣ አራት ደርሷል። የስፖርት መምህሩ ሚስቱን «የለም በይው» ሲላት ከውስጥ ድምፁን ሰማሁት፤ ነገም እመለስበታለሁ። ዳይሬክተሩ ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል፣ ጡረታህንም እናየዋለን ብሎኛል። ይየው! አንድ ዓመት ከመንፈቁን በየፈራሚው በር ላይ ተቀምጬ ባሳልፈውም ይህን ወረቀት ሳላስፈርመው አልተውም።

ትናንት አራቱን ፊርማ ላሳያት ሄጄ ነበር። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና መለሰችልኝ።

«ሦስት ይቀራል» አለች።

ልሄድ ዞር ስል ጠራችኝ።

«እውነት ነው ሲሚንቶው ላይ ወደቅህ የሚሉት?»

«እውነት ነው።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

«አሞሃል?»

«ዳሌዬን። በቀኝ ጎኔ መተኛት አቅቶኛል።»

«ጎሽ!» ብላ በሩን ዘጋችው።

አጎትሽ